አልቃሿ የጠየቁኝ ትንሽ ነገር

እናቴ በተቀበረች ማግስት አልቃሿ ቤታችን መጡና ከሥራዋ አንድ ነገር ንገረኝ አሉኝ። የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው እንጂ ስለ ሞቷ አይደለም፤ ሞትማ የሁሉም ነው።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል ያለች ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ክፍሏ ሁለት ሰው ትበቃለች፣ ሁለተኛው ሰው ግን መጥቶ አያውቅም። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ያልታረመ የተማሪ ድርሰት የተከመረበት አንድ ወንበር አለኝ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ድርሰቶቹን የሚያነሣቸው የለም። የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ የብቸኛን ሰው ቤት ለይቶ ያውቃል፤ ክረምቱን ሙሉ ጋቢዬን ከትከሻዬ አላወርድም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ብቸኝነት እንደ ጨጓራ ነው፤ ሰው ይለምደዋል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ያቃጥላል።

ግጥም እጽፍ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰብን የምናነብ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አብዛኞቻችን መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ነን። የእኔ ግጥሞች ትልልቅ ነበሩ። ዘመን፣ ዕጣ ፈንታ፣ ዘላለም፣ ጽልመት፤ ከእነዚህ አንዱ ያልገባበት ግጥም ጽፌ አላውቅም። ስለ እናት የጻፍኩት አንዱ በጣም ተጨብጭቦለት ነበር። በዚያ ግጥም ውስጥ እናቴ ለእኔ ስትል እየቀለጠች የምታበራ ሻማ ነች። እናቴ ቤት ሻማ ገብቶ አያውቅም። የሚበራው ኩራዝ ነበር፣ እሱም ጋዝ ሲኖር ነው። ያጨበጨቡት ሰዎች ይህን አያውቁም። እኔ ግን እያወቅሁ፣ ሻማ የሚለው ቃል ስለጣፈጠኝ ብቻ ጻፍኩት።

እናቴ የምትኖረው ከሐሙሲት የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ መሬቷን ለሰው በእኩል እያሳረሰች ብቻዋን ኖረች። ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ እሄዳለሁ። ስኳር፣ ቡናና ሳሙና ይዤ ሲመሻሽ እደርሳለሁ፣ በማግስቱ ከምሳ በኋላ እወጣለሁ። ደህና ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች፤ አንተስ ስትለኝ እኔም ደህና ነኝ፣ ከተማው ተመችቶኛል፣ ጓደኞች አሉኝ እላታለሁ። እንዲህ ተባብለን በዓሉን እንጨርሰዋለን። ስመለስ ቀለል ይለኝ ነበር። የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

የሞተች ዕለት አንድ የመንደሩ ሰው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ደወለልኝና እናትህ ታማለች፣ ቶሎ ድረስ አለኝ። በእኛ አገር ታማለች ቶሎ ድረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ባሕር ዳር የትኛው ሐኪም ቤት እንደምወስዳት አስብ ነበር። ወረታ ላይ መኪና ለመቀየር ብዙ ጠበቅሁ። ከሐሙሲት ተነሥቼ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። በገጠር ሬሳ ሰው አይጠብቅም።

የተቀበሉኝ የክርስትና እናቴ ናቸው። የእናቴ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው ከአጥራችን የተያያዘ ነው። አንገቴን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። እንባ እምቢ አለኝ። ሰዎቹ ደንግጦ ነው አሉ፤ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

በእኛ አገር ትልቁ ለቅሶ የሚደረገው በሦስተኛው ቀን ነው። ዘመድ አዝማዱ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ አልቃሿ መሐል ቆማ የሟችን ሥራ በግጥም ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ ግን ዝም ብሎ ከአፍ አይወጣም፤ አልቃሿ አስቀድማ ጎረቤቱን እየዞረች ስለ ሟች ትጠይቃለች። ያን ሰሞን የመንደራችን አልቃሽ ታመው ስለነበር የመጡት እኒህ ሴት ከወንዝ ማዶ ነበሩ። እናቴን አያውቋትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ነገር ግን የሟች ልጅ አስተማሪ ነው፣ ግጥምም ይጽፋል የሚል ወሬ ሰምተው ኖሮ ሌላ ሰው ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። የክርስትና እናቴም በዚያ ሰዓት ለለቅሶው የሚሆን ዕቃ ሊዋሱ ወጥተው ነበር።

ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይንቀሳቀስ ሴት ናቸው። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ቁራሽ ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠየቁኝ።

እኔም ጀመርኩ። ደግ ነበረች፣ ድኻ አብልታ የማትጠግብ፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ፣ ከሰው ተጣልታ የማታውቅ አልኳቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ይኼ የሁሉም ሙት ነው» አሉኝ። «ደግ ያልሆነ ሙት አልቅሼ አላውቅም።»

ቀጠልኩ። ለእኔ ስትል ዕድሜዋን የጨረሰች፣ መከራን የተሸከመች እያልኩ ወደ ሻማው ስቃረብ እጃቸውን አነሡ።

«ትልቅ ነገር አትንገረኝ ልጄ። ትንሽ ነገር ንገረኝ። ትልቅ የማደርገው እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። ሳይገባኝ ሲቀር የተማረ ሰው የሚያሳየውን ፊት አሳየሁ መሰለኝ፣ ምሳሌ ሰጡኝ። ከዓመት በፊት ለአንድ ሽማግሌ አልቅሰው ነበር። ሰው ሁሉ የነገራቸው ስለ ሽማግሌው ጀግንነትና ስለ ከብቱ ብዛት ነው። ምራቱ ብቻ፣ አማቴ ለሽንት እንኳ ወደ ጓሮ ሲወጣ በትሩን ሳይዝ አይወጣም ብላ ነገረቻቸው። እሷ የነገረቻቸው ለወሬ ያህል ነው። እሳቸው ግን ጀግንነቱንም ከብቱንም ትተው ይህችን ያዙ። መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሰሙኝ፦

ያለ በትር መሄድ አልነበር ልማዱ፣
ዛሬ ባዶ እጁን ወዴት ነው መንገዱ።

የማላውቀው ሽማግሌ ባዶ እጁን ሲሄድ ታየኝ። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ግጥም ሳወራ፣ ግጥም ማለት ተራውን ነገር ትቶ ወደ ላይ መውጣት ነው ብዬ ነበር የማስተምረው። እኒህ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ደግሞ ተራው ነገር ላይ ቁጭ ብለው፣ ንቅንቅ ሳይሉ፣ ሞትን ያህል ነገር ወደ እሳቸው ጠሩት።

እሺ፣ ትንሽ ነገር። ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ። እንዝርቷ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ትፈትል ነበር ልበል? የማትፈትል እናት የት አለች? ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ ምን ትሠራ ነበር? እኔ ዘግይቼ ስለምነሣ አላውቅም። ከማን ጋር ትኮራረፍ ነበር? ምን በልታ ትጠግብ ነበር? ምን ያስፈራት ነበር? አንዱንም አላውቅም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንዲት እናት ነበረችኝ፣ ስለ እሷ ለአንድ ስንኝ የሚበቃ ነገር አጣሁ።

አለማወቄ ያሳፍራል። ከዚያ የባሰው ግን ቶሎ መዋሸቴ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታይ ነበር አልኳቸው፤ አቧራ ሲነሣ ባየች ቁጥር ልጄ መጣ ትል ነበር አልኳቸው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከየት እንዳመጣሁት ግን አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ስለ እናት ጻፉ ሲባሉ ከአሥሩ ስምንቱ የሚጽፉት ይህንን ነው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «የተለመደ» ብዬ አርሜ እመልስላቸዋለሁ።

የአልቃሿ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ይኸው ነበረህ እኮ አሉኝና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወጡ። ግጥሙን መሥራት ጀምረው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ በሰው ሞላ። የእናቴ ቀሚስና ነጠላ መሐል ላይ በተቀመጠ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆምን፣ ሴቶቹ አልቃሿን ከበቡ። መጀመሪያ ስለ አባቴ፣ ስለ ዘር ማንዘራችን አወረዱ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ስለ እጇ ፍትል አወረዱ፤ ተቀበሉ፤ ደረታቸውን እየደቁ ወየው አሉ። የአልቃሿ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከሰውነታቸው የሚወጣ አይመስልም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው የሰጠኋቸውን አወረዱት፦

ከደጃፍ ተቀምጣ ዓይኖቿን አሻግራ፣
ልጄ መጣ ስትል በተነሣ አቧራ።

ሴቶቹ አልተቀበሉም።

አንዷ ጀምራ አቋረጠች። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አልቃሿ አልሰሙ ይሆናል ብለው ስንኙን ደገሙት። አሁንም ዝም። ከኋላዬ የቆመ አንድ ሽማግሌ ለጎኑ ሰው፣ «ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመቷ አይደል እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰለኝ። ሽማግሌው ማዘኑ ነው እንጂ ሊያሳጣኝ ፈልጎ አይደለም። ወዲያው ግን ገባኝ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም ሰው ፊቴን ላለማየት ይጠነቀቃል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እናቴ ዕውር መሆኗን የማናውቀው እኔና ከወንዝ ማዶ የመጡት ሴት ብቻ ነበርን።

የክርስትና እናቴ ሰዉን እየከፈሉ ገብተው በአልቃሿ ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። አልቃሿ ቀና ብለው አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። አልተቆጡም፤ ብቻ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና፣ እኔ ያበላሸሁትን አቧራ ራሱን አንሥተው እንዲህ አሉ፦

መንገድ ላየ ዓይን ትርፉ ነው አቧራ፣
በጆሮዋ አየችው ኮቴው ሲያወራ።

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶቹ እንደዚያ ሲቀበሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ወንዶቹም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ያን ጊዜም አላለቀስኩም። ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ለቀስተኛው ሲበተን የክርስትና እናቴን ጠየቅኋቸው። ጓሮ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገሩኝ። መጀመሪያ የግራ ዓይኗን ሞራ ጋረዳት፣ ቀጥሎ ቀኙን። ለእኔ እንዳይነግሩኝ መንደሩን ሁሉ አስምላ ነበር። በዓል ሲደርስ እሷና የክርስትና እናቴ ይሰናዱ ነበር አሉኝ። በርጩማው የት፣ ማድጋው የት፣ መሶቡ የት እንደሚቀመጥ በእርምጃ ቆጥራ ትይዛለች። እኔ ስደርስ ደግሞ ብዙም ላለመንቀሳቀስ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ፍትል ዓይን አይፈልግም፣ ጣት ነው የሚፈልገው።

እንዴት አላየሁም? ይህን ጥያቄ ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። ቤቱ ጨለማ ነበር፣ የምደርሰው ሲመሻሽ ነበር እያልኩ ሰበብ እደረድራለሁ። ደግሞም ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ትክ ብሎ አያይም ተብለን ነው ያደግነው፤ እናቴ ስታናግረኝ እጇን ነበር የማየው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አይቻለሁ። ሁሉንም አይቻለሁ።

ከቤቱ በር እስከ ጓሮው የተወጠረ ገመድ ነበር። እሱን ይዛ ነው የምትወጣው የምትገባው። እኔ የልብስ ማስጫ መስሎኝ ሸሚዜን አጥቤ አሰጣበት ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ሽልማት ስቀበል የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ሰጠኋት። ገልብጣ ይዛ ታምራለህ ልጄ አለችኝ። የገጠር ሰው ፎቶ አይለምድ ብዬ ስቄ አቀናሁላት።

ከሁሉም የሚብሰው የብርጭቆው ነገር ነው። ጠላ ስትቀዳልኝ ሌባ ጣቷን ከብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ ታስገባ ነበር። ጠላው ጣቷን ሲነካት ታቆማለች። እኔ ንጽሕና የለመድኩ የከተማ ሰው ነኝና አንድ ፋሲካ ላይ፣ እማዬ ጣትሽን ከብርጭቆው አውጪ እንጂ አልኳት። እሺ ልጄ፣ የባላገር ነገር አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣቷን አላስገባችም፤ ብርጭቆውንም ሞልታ ቀድታልኝ አታውቅም። ከግማሽ አያልፍም ነበር። እኔም ቀልደኛ ነኝና እናቴ ስታረጅ ሰሰተች ብዬ ሳቅሁባት። አብራኝ ሳቀች።

ይህ ትዝ ያለኝ ጓሮው ላይ እንደተቀመጥን ነው። ለክርስትና እናቴ አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ። በማግስቱ ማለዳ ወንዙን ተሻግሬ አልቃሿ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ አልተነሡም፣ አልተቆጡምም። ቆሜ የብርጭቆውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ስለ ስስቱ ስደርስ ምስር የሚለቅመው እጃቸው ቆመ።

«የጠየቅሁህ ይኼንን ነበር» አሉኝ።

በአርባዋ እንዲያወርዱልኝ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶ አይደገምም፣ አርባው የቄሶች ነው አሉኝ። ከዚያም ሳላስበው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሳለቅስ ሴቶቹ ሳይቀበሉኝ የቀሩት ትናንት ብቻ ነው፣ በሰው ፊት አስዋሸኸኝ» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ፤ ሆኖም ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ልሄድ ስል ጠሩኝ።

«አንተ በወረቀት ታለቅሳለህ አሉ። እንግዲህ እዚያው አልቅሳት።»

ደብረ ታቦር ተመልሼ ሞከርኩ። ከትምህርት ቤት ስገባ ጋቢዬን ደርቤ ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ። የድሮው ልማድ ቀላል አልነበረም። ብርጭቆ ብዬ ስጽፍ ዘመን የሚል ቃል ተንደርድሮ ይመጣል፤ ጣቷ ስል ዕጣ ፈንታ ይከተላል። እንደ ዝንብ አባርራቸዋለሁ፣ ይመለሳሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ቆይቼ በመጨረሻ ስምንት ስንኝ ቀረኝ። ጠላ፣ ብርጭቆ፣ ጣት፣ ግማሽ። ሌላ ምንም የለበትም።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ አነበብኩት። ሲያልቅ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ፤ እሱም አጨብጭቦ ዞር ዞር ብሎ አየና ተወው። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ ብርጭቆው የምን ምሳሌ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የብርጭቆ አልኩት። ሰዉ ሳቀ። የቀለድኩ መሰላቸው። ብዙ ጊዜ ሲጨበጨብልኝ ደስ ብሎኝ ወደ ክፍሌ ገብቻለሁ፤ ያን ቀን ግን የሚነግሩት ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ገባኝ። ዘመንና ዘላለምን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ማንበብ ይቻላል። እናቴ ግማሽ ብርጭቆ ትቀዳልኝ ነበር የሚለውን ግን የሚሰማህ እሷን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ እናቴን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረኝም። እኔንስ ማን ያውቀኛል ብዬ አሰብኩ። ነገ ብሞት አልቃሿ ማንን ትጠይቃለች? የግቢው አከራዬ ቤት ኪራይ በጊዜ ይከፍላል፣ ማታ አያመሽም ትላለች። ይኼ የሁሉም ተከራይ ነው።

ለአርባው ሄድኩ። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ቄሶቹና ድኻው በሉ፣ ሰዉም ተመርቆ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን የክርስትና እናቴ ዕቃ ለማጠብ ቀሩ። እኔ ውኃ እያቀበልኳቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የብርጭቆውን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ያውቁት ኖሯል። አንድ ቀን በባዶ ብርጭቆ ውኃ እየቀዳች፣ ጣቷን ሳታስገባ በድምፁ ለመለየት ስትለማመድ አግኝተዋታል። ሞልቶ ጉልበቷ ላይ እየፈሰሰባት አልሆን ሲላት፣ ግማሽ ይሻላል ብላ ተወችው።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው የቀረሁትን ጠየቅኋቸው። ለምን ደበቀችኝ? ሐኪም ቤት እወስዳት አልነበረም ወይ? ሞራ በቀላሉ የሚወጣ ነገር አይደለም ወይ?

የክርስትና እናቴ የያዙትን ሳህን አጠቡ፣ አለቀለቁ፣ ደፉት። ብነግራት መቼ ትሰማኛለች፣ ስንቴ ለምኛት አሉ። እናቴ ግን፣ እሱ ብቻውን ነው፣ ይህን ብነግረው ሐሳቡን የሚያካፍለው ሰው የለውም፤ እኔ እዚህ እናንተ አላችሁኝ ትላቸው ነበር።

ደነገጥኩ። እኔ ብቻዬን መሆኔን ነግሬያት አላውቅም። ሁልጊዜም ጓደኞች አሉኝ፣ ከተማው ተመችቶኛል እንደምላት፣ በዓሉንም ስጫወት ስስቅ እንደማሳልፍ ነገርኳቸው። የክርስትና እናቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እሱን እኮ ነው የምትለው» አሉኝ። «‹ልጄ ሲስቅ ቶሎ ያቆማል፤ ቤቱ ሳቁን የሚቀበለው ሰው የለም› ትል ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እዚያው ዕቃው መሐል፣ ውኃ የያዘውን ጆግ አቅፌ፣ እንደ ሴት እየጮኽኩ አለቀስኩ። የክርስትና እናቴ አላባበሉኝም። ዕቃቸውን እያጠቡ አብረውኝ አለቀሱ። ስንጨርስ ፊቴን ታጥቤ፣ ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለእሳቸው ሰጥቼ ወደ ሐሙሲት ወረድኩ።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ሲል ደረስኩ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተው አስገቡኝ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፣ ዶሮም ነበር። ትንሽ እንደሄድን የሚኒባሱ ረዳት አንድ ቀልድ ተናገረ፤ ስለ አማቱ ነው፣ ዝርዝሩን ረስቼዋለሁ። ሰዉ ሁሉ በአንዴ ሳቀ። ሳላስበው እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ቀድሜ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ።